ሽማግሌ ታክ ወጥ ቤት ገቡ

(የቶንግዮንግ ወደብ፣ የክረምት ጠዋት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌና የመጽሐፍ ቅዱስ አስተማሪ የሆኑት ታክ ማንሲክ የወጥ ቤቱን መጋረጃ ዘግተው፣ የሚስታቸውን አበባ ያለበት ሽርጥ አጥልቀው ሳፋ ፊት ቆመዋል። ሚስታቸው ሱንርዬ በረዶ አንሸራትቷቸው፣ ክንዳቸው በጀሶ ታስሮ ጓዳ ተኝተዋል። ዛሬ የሱንርዬ ሰባኛ ልደት ነው፤ በልደት ቀን ደግሞ በአገሩ ልማድ የባሕር ቅጠል ሾርባ ሳይጠጡ መዋል አይሆንም። ጎረቤታቸው ዲያቆን ቦንግ ዱሆ ሦስት ጥቅል የደረቀ የባሕር ቅጠል ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።)

ታክ፦ ሦስት ጥቅል አልኩህ፣ ሦስት ነው!

ቦንግ፦ እኔ እንኳ አንዱ ጥቅል ላይ «ለሃያ ሰው» የሚል ያየሁ መስሎኝ ነው።

ታክ፦ ለሃያ ሕፃን ይሆናላ! እስቲ በእጅህ መዝነው፤ ላባ እኮ ነው! ይሄ ማንን ያጠግባል? (ሦስቱንም ተቀብለው ሳፋው ውስጥ ገልብጠው ውኃ ይሞላሉ) ደግሞ ምን ደጃፍ ላይ ገተረህ? ብርድ አታስገባ፣ ግባ!

ቦንግ፦ አልገባም።

ታክ፦ ለምን?

ቦንግ፦ እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። «ወንድ ወጥ ቤት አይገባም፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ትእዛዝ ነው» ብለው።

ታክ፦ ብያለሁ። እኔም አልገባሁም፤ እያለፍኩ ነው።

ቦንግ፦ ሽርጥ አድርገው?

ታክ፦ ስታልፍ ውኃ ይረጭሃላ!

ቦንግ፦ እኔማ ሚስቴ ካረፈች ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ግቢ ውስጥ ነው የማበስለው። በረዶ ሲጥል ለድስቱ ጃንጥላ እይዝለታለሁ።

ታክ፦ (ደንግጠው) ሁለት ዓመት? እኔ ባልኩት?

ቦንግ፦ መጽሐፉ ባለው እንጂ። ምዕራፉን ስላልነገሩን ግን ከዘፍጥረት ጀምሬ ፈለግሁት። ማክሰኞ ዕለት ራእይን ጨረስኩ።

ታክ፦ እና?

ቦንግ፦ የለም። አንድ ገጽ ዘልዬ መሆን አለበት።

ታክ፦ ጳውሎስ ዘንድ ፈልጋ! ባል የሚስት ራስ ነው አላለም?

ቦንግ፦ ብሏል። ራስ ላይ አፍ አለ፣ አፍ ደግሞ ይበላል፤ እስከዚህ ገብቶኛል። ግን ዝቅ ብሎ፣ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደወደዳት ሚስቶቻችሁን ውደዱ ይላል። ጌታ ደግሞ ባሕር ዳር ከሰል አቀጣጥሎ፣ ዓሣ ጠብሶ፣ ደቀ መዛሙርቱን ኑ ብሉ አላቸው። ይኼን ምን ላድርገው?

ታክ፦ እሱ ውጭ ነው! ጥብስ የወንድ ነው። ወጥ ቤት የሚባለው ጣሪያ ያለው ነው።

ቦንግ፦ (ደስ ብሎት) እንግዲያው እኔም ግቢ ማብሰሌ ልክ ነበር! ያዕቆብስ? የምስር ወጥ ሠርቷል።

ታክ፦ ድንኳን ነው! ድንኳን ቤት አይባልም።

ቦንግ፦ ልጄ ያገባችበት የፊሊፒንስ ደሴትስ? እዚያ በበዓል ቀን ለጉባኤው ሩዙን የሚቀቅሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ሴቶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይስቁባቸዋል።

ታክ፦ የነሱ መጽሐፍ ሌላ ይሆናላ።

ቦንግ፦ እኔም ጠርጥሬ ምዕራፎቹን በጣቴ ቆጠርኳቸው። እኩል ናቸው።

ታክ፦ አየህ ቦንግ፣ አንተ ነገር ጠልቆ አይገባህም። ይኼን ሥርዓት የሰማሁት ከአያቴ ነው። አያቴ እስኪሞት ድረስ የወጥ ቤት ደፍ ረግጦ አያውቅም።

ቦንግ፦ አያትዎ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን አባል ነበሩ?

ታክ፦ የምን ቤተ ክርስቲያን? ለቅድመ አያቶቹ መንፈስ የሚሰግድ፣ የኮንፊሽየስ ትምህርት ሰው ነበር! ወንጌል እኛ ቤት የገባው በእናቴ ነው።

ቦንግ፦ ታዲያ ትእዛዙ ያለው አያትዎ ጋ ነዋ! እኔ ምስኪኑ መጽሐፉ ውስጥ ስፈልግ።

(ቦንግ አንድ እግሩን፣ ቀጥሎም ሌላውን ወጥ ቤቱ ውስጥ ያሳርፋል።)

ቦንግ፦ እንዴት ይሞቃል!... ሽማግሌ፣ ሳፋው እየሞላ ነው።

ታክ፦ የደረቀ ቅጠል አያድግም! ተፈጥሮው አይደለም!

ቦንግ፦ ቅጠሉ ወርዶ እግርዎን ያዘዎት እኮ።

(ቅጠሉ አብጦ ከሳፋው ተርፎ ወለሉ ላይ ይዘረገፋል። ታክ በድስት፣ በማንቆርቆሪያ፣ በልብስ ማጠቢያ ገንዳ ያፍሳሉ። ቅጠሉ አያልቅም።)

ቦንግ፦ ግን ሽማግሌ፣ ምን አስጨነቀዎት? ከገበያ አይገዙም ነበር?

ታክ፦ (ዝቅ ባለ ድምፅ) አርባ ስድስት ዓመት የልደቷን ሾርባ ራሷ ሠርታ፣ መጀመሪያ ለእኔ ቀድታ ነው የጠጣችው። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ብነቃ፣ በአንድ እጇ ድስት ልታነሣ ትታገላለች። ተኚ ብዬ ጮህኩባት። ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም። (ወዲያው ቆጣ ብለው) አሁን ትርፉን ማንም ሳያይ አጥፋልኝ!

ቦንግ፦ ሙልጭ አድርጌ?

ታክ፦ ሙልጭ!

(ቦንግ ይወጣል። ታክ ሥጋ ከትፈው፣ የሰሊጥ ዘይት ጨምረው በሦስት ድስት ያፈላሉ። ቦንግ ሲመለስ የቤተ ክርስቲያኑ አሥራ አንድ እናቶች ማንኪያ ይዘው ከኋላው ተከትለውታል።)

ታክ፦ (በሹክሹክታ) እነዚህ ምንድን ናቸው?

ቦንግ፦ የሚያጠፉት ናቸዋ። እኔ ብቻዬን እስከ ፋሲካም አልጨርሰው።

ታክ፦ ጉድ ሠራኸኝ! (ሽርጡን አውልቀው ቦንግ አንገት ላይ ያጠልቃሉ) አንተ ነህ የሠራኸው፣ ሰማህ?

(ሁሉም ወለሉ ላይ በገበታው ዙሪያ ይቀመጣሉ። ሱንርዬ ከጓዳ ወጥተው በግራ እጃቸው አንድ ማንኪያ ይቀምሳሉ።)

ሱንርዬ፦ ጨው በዝቶታል። (ሳህኑን አንሥተው እስከ ጠብታው ይጨርሱታል) ድገሙልኝ። ማነው የሠራው?

ታክ፦ ቦንግ ነው!

ሱንርዬ፦ ዲያቆን ቦንግ፣ እጅህ ይባረክ! እንዲህ ያለ ወንድ ከየት ይገኛል?

(እናቶቹ በአንድ ድምፅ ይመርቁታል። አንዷ ትከሻውን መታ መታ ታደርገዋለች። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ከራሷ ሳህን ሥጋ አንሥታ ቦንግ ሳህን ላይ ታደርጋለች።)

ቦንግ፦ (አፉ ሞልቶ) እም... እኔ እንኳ...

ሱንርዬ፦ ሥጋውን እንኳ እንዴት አሳምሮ ከተፈው! የኔው ባል ቢሆን ጣቱን ነበር የሚከትፈው።

ታክ፦ (ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው) እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የሠራሁት! ይኸው ጣቴ!

(በጨርቅ የጠቀለሉትን ጣታቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ቤቱ በሳቅ ይናጋል።)

ሱንርዬ፦ አውቃለሁ። የጓዳው ግድግዳ ስስ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

ታክ፦ እያወቅሽ ነው? በሰው ፊት ሞኝ ልታደርጊኝ?

ሱንርዬ፦ ሞኟስ እኔ! አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለፋ... ምነው ክንዴን በጫጉላችን ሰሞን ሰብሬው በነበረ!