ከኮምቦልቻ የመጣችው ሙሽራ

ሰው መኪና ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው ሞተሩን ነው የሚል ካለ፣ ወሎ አልኖረም። እኛ ዘንድ የሚታየው የኋላው ነው። በግ ይጭናል ወይ? ሁለት ኩንታል ጤፍ ይችላል ወይ? ለቅሶ ሲኖር ስንት ሰው ያሳፍራል? የእኔዋ በሦስቱም ወድቃለች። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቦታ ጃንጥላ ለማስተኛት እንኳ ልምምጥ ይጠይቃል። ቀይ የእሽቅድድም መኪና ናት። መንገድ ሲሠራ የቆየ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ እሱ ገዢ አጥቶ፣ እኔም ለሌላ መኪና አቅም አጥቼ ተገናኘን።

እንግዲህ ከደሴ ኮምቦልቻ ለዓመታት ሥራ የተመላለስኩት በዚህች መኪና ነው። ጠዋት ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቴ ሹራቤን ደርቤ በጭጋግ እወርዳለሁ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቡን አውልቄ ፋብሪካ እገባለሁ፤ ማታ ያንኑ ጠመዝማዛ መልሼ እወጣለሁ። ለመብረር የተሠራች መኪና ከአህያና ከጭነት መኪና ኋላ ስታዘግም ብታዩ ታዝኑላት ነበር። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ መጨረሻው ደርሶ እንደገና ከዜሮ ሲጀምር ባለቤቴ “እሷስ ልጅ ሆነች፣ አንተን ነው የፈራሁት” አለችኝ። ጎረቤት ግን አንድ ጥቅም አገኘላት። እሑድ እሑድ ሪባን ታስራ ሙሽራ ታመላልሳለች፤ ሰኞ እኔን።

ሁለተኛው ወንበር የሰዓዳ ነበር። ሰዓዳ ጎረቤቴም የሥራ ባልደረባዬም ናት። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ ቤቱ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ “ለሷ ወንድም ነዎት” ብሎ አደራ ሰጥቶኛል። በመንገዳችን የማታወራው የለም፤ ከሁሉ የምትደጋግመው ግን ሰርጓን ነው። ያልነበረውን ሰርጓን ማለቴ ነው። የኒካዋ ሰሞን አማቷ ሞቱና የተተከለው ድንኳን ለለቅሶ ሆነ፤ እሷም ያለ እልልታ ባሏ ቤት ገባች። “እልል ሳይባልልኝ ስለገባሁ ነው መሰለኝ፣ እስከዛሬ በቤቴ እንግዳ ነኝ” ትላለች። እየሳቀች ነው የምትለው፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ይቆማል።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የመውለጃ ቀኗ ሳይደርስ፣ ሥራ ላይ ምጥ መጣባት። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ ልጁ በእግሩ እየመጣ መሆኑን፣ ቶሎ ደሴ ሆስፒታል ደርሳ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት ለሁለቱም እንደሚያሰጋ ነገረችን። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ሄዷል። ሞባይል ያኔ ገና ብርቅ ነበርና ባሏን የምናገኝበት መንገድ አልነበረም። ነርሷ የራሷን ነጭ ነጠላ አከናነበቻትና ተነሳን። “አብሽሪ” እላታለሁ፤ ከሷ ይልቅ የፈራሁት እኔ ነበርኩ።

መንገዱን ስናጋምስ አንድ ጭነት መኪና መታጠፊያው ላይ ተበላሽቶ ቆሟል። ከኋላው ያለው ሰልፍ ጫፉ አይታይም፤ ሾፌሮቹ ወርደው ያወራሉ። ክላክሴን ይዤ አልለቅ አልኩ። ወርጄ ልለምናቸው በሬን ስከፍት ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት እልልታዋን አቀለጠችው።

ለካ የእሑዱን ሪባን አልፈታሁትም። ቀይ መኪና፣ ሪባን፣ የማያቋርጥ ክላክስ፣ በነጭ ነጠላ ተከናንባ የምታለቅስ ሴት። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ማልቀሷ ደንብ ነው፤ ሆዷን ደግሞ መኪናዋ ከመሬት ዝቅ ያለች ስለሆነች ያየ የለም። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው “ሙሽራ መንገድ ላይ አትቆምም፣ አስጠጉ እስቲ” አሉ። ሾፌሮቹ ወደየመኪናቸው ሮጡ። ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ሰዓዳ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ።

“ይተዉአቸው ጋሼ፤ ይንዱ።”

በተበላሸው መኪናና በገደሉ መካከል የቀረችው ክፍተት ለሚኒባስ አትበቃም፤ ለእኛ በቃች። የሻይ ቤት ባለቤቷ ሮጣ መጥታ በመስኮት ፈንድሻ በተነችብን። እልልታውና ጭብጨባው ከመታጠፊያው በላይ ድረስ ተከተለን።

ደረስን። ወንድ ልጅ ነው፤ እናትም ልጅም ተረፉ። ያን ምሽት መጀመሪያ ፈጣሪን አመሰገንኩ፣ ቀጥሎ መኪናዋን፣ ቀጥሎ “በግ አትጭንም” እያሉ ለእኔ ያስቀሯትን ገዢዎች ሁሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውረዴ በፊት ልጠይቃት ገባሁ። ነርሶቹ ከፀጉሯ ፈንድሻ ሲለቅሙ ግራ እንደገባቸው ነገረችኝ። ልጇን ወደ ደረቷ አስጠግታ “ሰምተውታል አይደል ጋሼ፣ ያን ሁሉ እልልታ?” አለችኝ። “አሁን ቤቴ ስገባ እንግዳ አይደለሁም።”

መታጠፊያው ጋ ስደርስ እኒያ ሽማግሌ በከዘራቸው አስቆሙኝ። ሙሽሪት እንዴት እንዳደረች ጠየቁኝ። ውለታቸው ውሸት የሚነገርበት አልነበረምና ማታውን ወንድ ልጅ እንደተገላገለች ነገርኳቸው። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ለእናትም ለልጅም ዱዓ አደረጉ፤ እኔም አሚን አልኩ። ሲጨርሱ መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አይተው ጣሪያዋን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

“ፈጣን ናት ሲሉስ ሰምቼ ነበር” አሉ።