የጠዳው ጀግና

ጀግና አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ ደምሌ ይባላል፣ የጠዳ ጎረቤቴ ነው። ባለፈው ገበያ አንድ የእህል ነጋዴ «አንተ ደግሞ ወንድ ነህ?» ብሎ በሰው ፊት ገፈተረው። ጀግናችን ምን አደረገ? አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ደጁን ሲረግጥ ግን ወንድነቱ ተመለሰለትና ሚስቱን ውባለምን እጇ እስኪሰበር በዱላ ደበደባት። ስትጮህ መንደሩ ሰማ።

በማግስቱ ለሽምግልና ተቀመጥን።

«በጩኸቷ አዋረደችኝ!» አለ ደምሌ።

ምነው፣ ዱላ በዝምታ ነው እንዴ የሚበላው? እኛ ሽማግሎቹ ግን ለእሱ አዘንን። የእሷ እጅ በወጌሻ ይጠገናል፤ የወንድ ክብር በምን ይጠገናል? በአገራችን ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ስለዚህ ውባለም ትሸከም ብለን ፈረድን። በአንድ እጇ ማንሳት ቢያቅታት፣ ድንጋዩን አንስቼ ጫንቃዋ ላይ የጫንሁት እኔ ነኝ።

ከድንጋዩ ስር ቀና ብላ አየችኝ።

«አያ፣ የሰደበው ነጋዴው ነው። ድንጋዩ ምነው ለእኔ ሆነ?»

በአንዲት ሴት ፊት አፈርን። ሁላችንም እንደ ጀግናው አንገታችንን ደፍተን ወደየቤታችን ሄድን።

እግዜር ሚስቶቻችንን ይጠብቅ!