ደጄን የከፈተው ክስ

ከዐቃቤ ሕግ ጋር መታየት ደግ አይመስለኝም። እናንተስ? እኛ አቃቂ ነው የምንኖረው፤ ቃሊቲ ቅርባችን ነው። ዐቃቤ ሕግ ስሙን ያነሳው ሰው የት እንደሚገባ ማን ያጣዋል?

እኔ ግን ሄድኩ። ምን ላድርግ? ጎረቤቴ ደምሴ፣ የአቃቂው ፋብሪካ ወደ ግል ሳይዞር እዚያ አብሮኝ የሠራ ሰው፣ የቆርቆሮ አጥሩን ገፍቶ ገፍቶ ደጄ ላይ አደረሰው። የተረፈችኝ መተላለፊያ ሰው በጎኑ ነው የምታሳልፈው። ባለቤቴ አልጋ ላይ ናት፤ ሐኪም ቤት የምትሄደው በቃሬዛ ነው። ቃሬዛ በጎኑ አይወጣም። ሬሳም እንደዚያው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

ጠበቃ አቅሜ አይደለም። ለደካማ ሰው መንግሥት በነጻ ይከራከራል ብለው ወደ አንዲት ዐቃቤ ሕግ ላኩኝ። ልጅ እግር ናት። ሰማችኝ፣ ጻፈች፣ አውራ ጣቴን ቀለም ነክራ አስፈረመችኝ።

መጥሪያው ሲደርሰው ደምሴ ነጣ። ዐቃቤ ሕግ ከሰሰው ተብሎ ሠፈሩ ከንፈር መጠጠለት። ሚስቱ ለስንቅ በሶ አስፈጨች። እሱም ሽማግሌ ልኮ ልጆቼን እንዳይበትንብኝ አለ፤ በማግስቱም አጥሩን በገዛ እጁ ነቀለ። ቃሬዛ ቀርቶ ጋሪ የሚያሳልፍ ደጅ አገኘሁ። ደስ ያለኝ መሰላችሁ? አሁን ደግሞ ጎረቤት አሳሰርኩ ብዬ ሰጋሁ። በቀጠሮው ቀን ክሱ ይቅርልኝ ልላት ፍርድ ቤት ሄድኩ።

ደምሴ ቀድሞኛል። ጋቢ ደርቦ፣ በሶውን በፌስታል ይዞ ቆሟል። ዐቃቤ ሕጓ አይታው ደነገጠች።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ስንቄ ነዋ፣ ልጄ። ከዚህ ወደዚያው አይደል?»

«ኧረ አይዞዎት። ይሄ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። እስር የለበትም።»

በፍጹም? አላት። በፍጹም አለችው። ጋቢውን አውልቆ አጣጠፈና ወደ እኔ ዞረ።

«ወንድም ዓለም፣ እንግዲህ እንከራከራለና።»

ዳኛው ቀጠሮ ሰጡን። ልጅቷ ይረታሉ፣ አይስጉ አለችኝ። አምናታለሁ። ሕመም ግን ቀጠሮ ያከብራል? ወደ አቃቂ የተመለስነው በአንድ ሚኒባስ ነው። ደምሴ ከበሶው አካፈለኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መዶሻ ሰማሁ። ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና፣ ደምሴ ምን ነካው፣ አጥሩን ነቅሎት አልነበር ወይ አለችኝ።

«ያኔማ ሕግ አያውቅም ነበር» አልኳት።