ንፍጥ የሌለው ሕፃን

ለትልቅ ሰው በተጻፈ ልብ ወለድ ውስጥ የሚኖር ሕፃን አላምንም። እናንተስ ታምኑታላችሁ? ንፍጡ አይወርድም፤ አንድም ቀን «እሱ ነው የጀመረኝ» ብሎ አያለቅስም። ተራራ ተራራውን እያየ ስለ ጊዜ ብቻ ያስባል።

መሐል ሜዳ ከተማ አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ በቅርቡ ስለ ልጅነቱ ልብ ወለድ አሳተመ። የሰባት ዓመቱ ባለታሪክ በፍልሰታ ቆርቦ ሲወጣ፣ ጉሙን አየት አድርጎ «ሰው ሁሉ እንግዳ ነው» ይላል።

ይላል እንዴ? ያን ቀን እኮ እኔም አብሬው ቆርቤያለሁ። ጓደኛዬ ጉም አላየም። የፊት ጥርሱ ይነቃነቅ ነበር። የቆረበ ሰው መትፋትም መድማትም ስለማይፈቀድለት፣ ጥርሱ ወልቆ ቁርባኑ አብሮ እንዳይወጣ ፈርቶ እስከ ማታ አፉን በነጠላው አፍኖ ዋለ። እናቱ «ምን ሆንክብኝ ልጄ?» ሲሉት የሚመልስላቸው በቅንድቡ ነበር።

መጽሐፉን እንደ ጨረስኩ ሄጄ፣ «የጥርስህን ነገር ለምን አልጻፍከውም?» አልኩት።

ግራ ቀኙን አየና አፉን በእጁ ሸፈነ።

«ተው እንጂ» አለኝ፤ «እሱማ የልጅ ነገር ነው።»