የማይጨነቁት ሰው መንጋጋ

በየሰፈሩ ምንም የማያስጨንቀው ሰው አይጠፋም፤ የእሱን ድርሻ ጎረቤት ይጨነቅለታል። በልደታ ኮንዶሚኒየም ለአንደኛው ብሎክ በዕጣ የደረሱት ክቡር አቶ አብዱልመናን ናቸው። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ ይጽፋሉ። ባለጉዳይ እያለቀሰ ሲመጣ "ቀላል ነገር ነው" ብለው ይጀምራሉ። ውሃ ለሦስት ሳምንት አራተኛ ፎቅ አልወጣ ሲልም ቀላል ነበር፤ ጀሪካኑን የምትሸከመው ባለቤታቸው ቢልቂስ ነበረችና።

እኚህ ሰላማዊ ሰው እንቅልፍ ሲወስዳቸው ጥርሳቸውን ማፋጨት ጀመሩ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኮከቤ ቢልቂስን ደረጃ ላይ አግኝተው ወፍጮ ገዛችሁ ወይ ብለው ጠየቋት። አቶ አብዱልመናን ግን ነገሩን የሐሰት ውንጀላ ነው ብለው ካዱ።

ማስረጃው ፊታቸው ላይ ወጣ። ጠዋት መንጋጋቸው አልከፈት ይላል፤ ጆሮ ግንዳቸውን ይወጋቸዋል፤ ጉንጫቸው ግራና ቀኝ ተወጥሮ ጫት የወተፉ ይመስላሉ። ጥፋቱ የዳቦ ቤቱ ነው፣ ዱቄቱ ውስጥ ጠጠር አለ አሉ። አንድ ቀን ሙዝ ሲበሉ የፊት ጥርሳቸው ተሸረፈ። ሙዙም ጠጠር አለው ለማለት ጥቂት ነው የቀራቸው።

ቢልቂስ እየጎተተች ሜክሲኮ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ወጣቷ ሐኪም ጥርሳቸው በሞረድ የተሞረደ ያህል ማለቁን፣ የምላሳቸው ዳር በጥርስ መታተሙን አሳየቻቸውና የሚያስጨንቅዎት ነገር አለ ወይ አለች። አፋቸው እንደተከፈተ ምንም የለም ለማለት ታገሉ። ሐኪሟ ወደ ቢልቂስ ዞረች።

"መቼ ነው የጀመራቸው?"

ቢልቂስ ወሩን በጣቷ ቆጠረች። ሦስት ወሩ ነው። ያኔ አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት በኦፕራሲዮን ካልወጣ እንደማይሆን ተነግሯት ነበር። እሳቸው ከጋዜጣቸው ቀና እንኳ ሳይሉ ቀላል ነው ብለዋት፣ ሳምንት ሙሉ አኩርፋቸዋለች።

ሲተኙ የሚያጠልቁት የጥርስ መሸፈኛ ታዞላቸው ወጡ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ስለ ዳቦ ቤቱ ማውራት ሲጀምሩ አቋረጠቻቸው።

"የማክሰኞው ኦፕራሲዮን አስፈርቶኛል።"

አቶ አብዱልመናን የለመዱትን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ መንጋጋቸውን በእጃቸው ደገፉ።

"እኔንም" አሉ።

ታክሲው መጣ። ከኋላቸው የተሰለፈው ሁሉ እያለፋቸው ገባ፤ እነሱ ግን እጅ ለእጅ ተያይዘው እዚያው ቆመው ነበር።