አጎቴን በአንድ ጎታ፣ አማቴን በሌላ ጎታ

ያን ዕለት ጧት ጎታ እየለቀለቅሁ ነበር። ጥር ነው፤ ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፤ ጎታዬ ግን ወገቡ ላይ ተሰንጥቆ አይጥ እንደ ገዛ ቤቷ ትገባ ትወጣበታለች። እጄ እስከ ክርኔ እበት ነው። እናንተዬ፣ ጎታ ሲሰነጠቅ በእበት ይደፈናል፤ የሽማግሌ ጭንቅላት ሲሰነጠቅ ግን በምን እንደሚደፈን ታውቃላችሁ? በውሸት! «እኔ ሁሉን አስታውሳለሁ» የሚል ሽማግሌ ካያችሁ ሽሹት። እኔን ጨምራችሁ።

ይኼን የምላችሁ ዛሬ ነው። ያን ዕለትማ ኩራቴ ሌላ ነበር። በሰፈራችን ዘር የሚቆጥር ሲጠፋ «እንጉዳይን ጠይቋት» ነው የሚባል። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ የሰው ዘር ግን እቆጥራለሁ። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን የማንን እህት አግብቶ እንደፈታ፣ የተፈታችውም ስትሄድ ምን ይዛ እንደሄደች ሳይቀር። የዛሬ ልጆች ስልካቸው ሲጠፋ ዘመድ አዝማዳቸው አብሮ ይጠፋባቸዋል፤ እኔ ሰባት ቤት በሆዴ ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

እናላችሁ ታደሰ ከች አለ። ታደሰ የሟች ባሌ የወንድሙ ልጅ ነው፤ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። አንድ መርጌታ አስከትሏል። እጄ እበት ስለሆነ በክርኔ ጨበጥኋቸውና መደቡ ላይ ተቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታደሰ ልጅ አበባ አንድ የመካነ ኢየሱስ ከተማ አስተማሪ ወደደች። በስልክ ነው የተዋወቁት። ሽማግሌ ተልኮ እሺ ተብሏል፤ ብቅሉ በቅሏል፤ ጌሾው ተወቅጧል፤ ለሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የቀረው ዘር መቁጠር ነው። መቼም በኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥም፤ በስልክ ደግሞ ውበት እንጂ ዘር አይታይም። መርጌታው ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ከልጁ ወገን የተላኩ ሰው ናቸው። የልጁን የዘር ሐረግ በወረቀት ጽፈው ይዘዋል። የሴቷን ወገን እኔ በቃሌ ልቆጥር፣ ሁለቱ የትም እንዳልተገናኙ ሊረጋገጥ፣ ከዚያ ድግሱ ሊቀጥል ነው።

መርጌታው ማንበብ ጀመሩ። ልጁን፣ የልጁን አባት፣ ቀጥሎ የልጁን አያት… አራተኛዋ ላይ ሲደርሱ «የአያቱ እናት፣ የእስቴዋ ወይዘሮ ላቀች» አሉ። እኔ ደግሞ የእበት እጄን አነሣሁ።

«አቁሙ! ላቀችማ አክስቴ ናት» አልሁ።

እንዴት ብዬ እረሳታለሁ? እኔ ያደግሁት አርብ ገበያ አጠገብ ነው። ለአርቡ ገበያ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሐሙስ እኛ ቤት ያድራል። ላቀች ከእስቴ ነጭ ሽንኩርት በአህያ ጭና ትመጣለች። እናቴ «አክስትሽ ናት፣ እግሯን እጠቢ» ትለኛለች፤ አጥባለሁ። የቀኝ እግሯ ትንሿ ጣት በጎረቤቷ ላይ ወጥታ የተኛች ነበረች። ፊት ይረሳል እንጂ ሐሙስ ሐሙስ ያጠቡት እግር ይረሳል? የሞተች ጊዜ እስቴ ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ «አክስቴን» ብዬ ደረቴን ደቅቼ ነው የቀበርኋት።

«ታዲያ ምን ቸገረን?» አለ ታደሰ። «ላቀች የእርስዎ ዘመድ ብትሆን፣ እርስዎ ለኛ በጋብቻ ነው የመጡ።»

ቢያስችለኝማ እዚህ ላይ አፌን እዘጋ ነበር። አላስቻለኝም። «ችግሩማ» አልሁት፣ «ያንተ አያት አያ ወንድይፍራውም አጎቴ ናቸው። እሳቸውም ሐሙስ ሐሙስ እኛ ቤት ያድሩ ነበር። እናቴ አጎትሽ ናቸው፣ እግራቸውን እጠቢ ትለኝ ነበር። ላቀች የእናቴ እህት፣ ወንድይፍራው የእናቴ ወንድም። ልጅህና ልጁ አራት ቤት ላይ ገጥመዋል። እንኳን ሰባት ሊሞላ!»

ታደሰ ፊቱ አመድ መሰለ። ከበሩ ኋላ አበባ ኖራለች ለካ፤ የያዘችው ወንፊት ሲወድቅ ሰማሁት። አሳዘነችኝ፤ ግን አልዋሻችሁም፣ ከማዘኔ መኩራቴ ይበልጥ ነበር። እኔ ባልኖር ይኼ ሁሉ ሰው ዘመድ ከዘመድ ሊያጋባ! መርጌታው ብቻ ወረቀታቸውን አዩና በለሆሳስ ጠየቁኝ።

«ወይዘሮ እንጉዳይ፣ አያ ወንድይፍራው ለሟች ባለቤትዎ ምናቸው ነበሩ?»

«አባቱ ናቸዋ።»

«ለእርስዎስ?»

«አጎ…» አልሁ።

እስቲ ፍረዱኝ! በልጅነቴ አጎቴ እል ነበር፤ ከተዳርሁ ወዲያ አማቴ እል ነበር። አጎቴን በአንድ ጎታ፣ አማቴን በሌላ ጎታ ከትቼ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ሁለቱን ጎታ አንድ ቀን እንኳ አብሬ ከፍቼ አላውቅም። ያ ጣጠኛ መርጌታ ሁለቱን በአንዴ ከፈታቸው። አበባ በሩን ገፍታ ገባች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ አፏ ግን ይስቃል።

«እማማ፣ እርስዎ ሁለት ቤት ላይ አግብተው ሰባት ወልደው ሲያበቁ፣ እኔን አራት ቤት ላይ ይከለክሉኛል?»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ አባቶቻችን። ይኼን ተረት የተረተ ሰውዬ ሰባት አልወለደም! ላቀች አክስቴ ናት ብዬ ብጸና ቃሌ ይጸናል፤ ግን ሰባቱ ልጆቼ የአጎቴ ልጅ ልጆች ሆኑ፤ ባሌም በመቃብሩ ውስጥ ንስሐ ሊገባ ነው። አይደለችም ብል ደግሞ… እንጉዳይ ረሳች፣ እንጉዳይ ጃጀች፣ ነገ ማን ዘር ቁጠሪልኝ ብሎ ደጄን ይረግጣል? ሁሉም አፍ አፌን ያየኛል። እበቱ እጄ ላይ ደርቆ ቆዳዬን ይይዘኛል።

ያኔ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ዘሩን ሳይጠይቅ በሬ እንኳ የማይገዛ ሰው ነበር። እኔን ሲድር ቄሱንና ሽማግሌውን ሰብስቦ ሲያስቆጥር ነው የዋለ። ለበሬ እንዲያ የሚጨነቅ ሰው፣ ልጁን አጎቷ ቤት ምራት አድርጎ ይሰጣል? አይሰጥም። እንዲያ ከሆነ ወንድይፍራው አጎቴ አልነበሩም። እሳቸው ካልነበሩ ላቀችም አልነበረችም። ለካ እናቴ ለገበያ እንግዳ ሁሉ ነው «አክስትሽ ናት፣ አጎትሽ ናቸው» የምትለኝ! እንግዳ ናቸው ብትለኝ፣ እኔ ሰነፏ የባዕድ እግር አላጥብም እንዳልል አውቃብኝ ነው።

«ተሳስቻለሁ» አልሁ። ሰባቱን ስወልድ እንኳ እንዲህ አላማጥሁም። «ላቀች ምኔም አይደለች። ዳሩ ልጅቷን።»

መርጌታው ፈቃዴን ወረቀታቸው ላይ ጻፉት። ታደሰ ጉልበቴን ስሞ ወጣ፤ አበባ ወንፊቷን እንኳ ሳታነሣ ለልጁ ስልክ ልትደውል ሮጠች። እኔ አክስትና አጎት በአንድ ጧት ሞተውብኝ ቁጭ አልሁ። ደግሞ እነሱ ብቻ መሰሏችሁ? ዘመዶቼን አንድ ባንድ ማሰብ ጀመርሁ። የአክስቴ ልጅ ነው ብዬ ሁለት ትልም መሬት ሲገፋኝ ዝም ያልሁት ሰውዬ አለ። እናቱ ሐሙስ ሐሙስ በርበሬ ይዛ የምትመጣ ነበረች! የአጎቴ ልጅ ናት ብዬ በወለደች ቁጥር ገንፎ ያገነፋሁላት አለች። አባቷ ጨው ነጋዴ! እናቴ ከሞተች ስንት ዘመኗ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ እግር ሳጥብላት ኖሬያለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ፈንታዬ መጣች። ፈንታዬን የአክስቴ ልጅ ነው የምላት፤ እናቷ ሐሙስ ሐሙስ ጌሾ ይዛ እኛ ቤት ታድር ነበርና። ወሬው ቀድሞኝ ቤቷ ደርሷል። እንዴት ብዬ እንደምነግራት ጨንቆኝ፣ «ፈንታዬ፣ እኔና አንቺም እኮ…» ስላት አቋረጠችኝ።

«ዘመድ አይደለንም ልትይኝ ነው? እኔማ እናቴ ገና በልጅነቴ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽኝ?»

ነጠላዋን አውልቃ ሰቀለችና እጇን ከእበቱ ከተተች። «አንቺ እንጉዳይ» አለችኝ፣ «በእበት የተለቀለቀ ጎታ እህል አልያዘም? ይልቅ ነይ ሳይደርቅ እንጨርሰው። ደግሞ ለሰርጉ ቀድመሽ ድረሽ፤ የሙሽራው አክስት አንቺ አይደለሽ?»