የአቶ ኡቨ ሰባት ክለቦችና የማራኪ ጋብቻ

ቀን፦ ቅዳሜ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሆሳዕና፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የአቶ ነህምያ ሳሎን
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡50 ተጀመረ። አቶ ቲቶ ከቦኖሻ የመጡበት መኪና ሰው ካልሞላ አልነሣም ብሎ ነው።

የተገኙ፦
አቶ ነህምያ፣ የልጅቷ አባት፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ሱፐርቫይዘር፣ ሰብሳቢ
ወ/ሮ አበበች፣ የልጅቷ እናት፣ አባል
አቶ ቲቶ፣ የሰብሳቢው ታላቅ ወንድም፣ ገበሬ፣ አባል
ሀብታሙ፣ የልጅቷ ወንድም፣ ኳስ አዋቂ፣ አባል
ወ/ሮ ጵርስቅላ፣ የልጅቷ አክስት፣ ጸሐፊ (እኔ ነኝ)

ያልተገኘች፦ ማራኪ፣ የምትዳረዋ። ነርስ ናት፤ ጤና ጣቢያ ተረኛ ሆና ነው። ሰብሳቢው ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን ሲጠይቁ ወ/ሮ አበበች "ከምትዳረዋ በቀር ሁላችንም አለን" ስላሉ ተሟልቷል ተባለ። የቤተሰብ ምክር በቃለ ጉባኤ መያዙ ለምን እንዳስፈለገ አቶ ቲቶ ጠይቀው፣ ሰብሳቢው "ያልተጻፈ አልተባለም" ሲሉ መልሰዋል።

መግቢያ
ሰብሳቢው በጸሎት ከከፈቱ በኋላ የሚከተለውን ገለጹ። በከተማችን ሁለት ዓመት ሴት ልጆችን ኳስ ሲያሠለጥን የቆየው የቀድሞው የጀርመን ተከላካይ አቶ ኡቨ፣ ዕድሜው 41፣ ማራኪን ለማግባት ነገ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌ ይልካል። ኮንትራቱ ነሐሴ 5 አልቆ ወደ አገሩ ስለሚመለስ "እናስብበት" ማለት አይቻልም። ማራኪም "አባዬ እምቢ ካለ እቀራለሁ፤ ከቃሉ አልወጣም" ብላ በጸሐፊዋ በኩል ልካለች። ይህን ስትነግረኝ ታለቅስ እንደነበር እንዲያዝልኝ ጠይቄ፣ "ዕንባ አጀንዳ አይደለም" ተብሎ ውድቅ ተደርጓል። ይኸው ጽፌዋለሁ።

አጀንዳ 1፦ የዘር ሐረግ
አቶ ቲቶ በአባቶች ወግ መሠረት ዝምድና እንዳይኖር የሰውየው ሰባት ትውልድ ይቆጠር አሉ። ሀብታሙ የአቶ ኡቨን አያት ስም እንኳ እንደማያውቅ፣ የተጫወተባቸውን ክለቦች ግን ከስልኩ ላይ በቅደም ተከተል መቁጠር እንደሚችል አስረዳ። ቆጠረ። ሰባት ሆኑ። አቶ ቲቶ "እሰይ፣ ቁጥሩ ልክ መጣ!" ብለው ተደሰቱ። የክለቦቹ ስም ከመርዘሙ የተነሣ ጸሐፊዋ አንደኛው፣ ሁለተኛው እያለች መዝግባለች። ከረጅም ውይይት በኋላ ቤተሰባችን ከሰባቱም ክለቦች ጋር የሥጋ ዝምድና እንደሌለው ተረጋግጦ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አጀንዳ 2፦ የሥራ ልምድ
ሀብታሙ እንዳቀረበው አሥራ አራት ዓመት፣ 312 ጨዋታ፣ 4 ጎል።

አቶ ቲቶ "አራት? እኔ አሥራ አራት ክረምት አርሼ አራት ቁና ባስገባ ሚስት ቀርቶ ውሻም አይከተለኝ" አሉ። ሀብታሙ "ጋሼ፣ ተከላካይ እኮ ነው፤ ሥራው ሌላው ጎል እንዳያስቆጥር መጠበቅ ነው" ሲል፣ ወ/ሮ አበበች "ታዲያ ዘበኛ ነበር አትልም? ዘበኛነት ምን ነውር አለው" አሉ።

ሰብሳቢው ስለ ዲሲፕሊን ጠየቁ። 61 ቢጫ፣ 3 ቀይ መሆኑ ተነገረ። መነጽራቸውን አውልቀው "ስድሳ አንድ ማስጠንቀቂያ! እኛ ቢሮ እኮ በሦስተኛው ያሰናብታሉ" አሉ። ሀብታሙ ነገሩን ያቀለለ መስሎት ሁለት ጊዜ በራሱ ቡድን ላይ ማስቆጠሩንም ጨመረበት። አቶ ቲቶ "አራት አምጥቶ ሁለት አጠፋ፤ የተጣራው ሁለት ነው" ብለው በጣታቸው አሳዩ። ከረጅም ውይይት በኋላ "ታታሪ፣ ግን ፍሬው ትንሽ" ተብሎ ተመዘገበ።

አጀንዳ 3፦ ሰባት ክለብ ስለ መቀያየሩ
ሰብሳቢው ሰባት ቤት የለቀቀ ሰው በስምንተኛው እንደሚጸና ማን ዋስ ይሆናል ሲሉ ጠየቁ። ሀብታሙ "አልለቀቀም፣ ሸጡት እንጂ" አለ። አቶ ቲቶ በሬ የሚሸጠው አመል ሲኖረው መሆኑን አስታወሱ። ሀብታሙ ሁለቱ ጋ እንዲያውም በውሰት እንደነበረ ሲያስረዳ፣ "ይብስ! የተዋሱት መለሱታ!" ተባለ። ጸሐፊዋ በሐምሌ ጭቃ ከልጆች ጋር ሁለት ዓመት የተንቦራጨቀ ሰው አመል እንደሌለው ብትናገር፣ ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም ተባለች።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ምእመን አጥቢያ ሲቀይር መሸኛ እንደሚያመጣው ሁሉ አቶ ኡቨም ከሰባቱም ክለቦች ክብ ማኅተም ያለበት መሸኛ እንዲያቀርብ፣ አንድ እንኳ ቢጎድል ጋብቻው እንዲቀር ተወሰነ። ሀብታሙ ሦስተኛው ክለብ ፈርሶ በቦታው የገበያ አዳራሽ መሠራቱን ቢያስረዳ "ገበያውም ማኅተም አያጣም" ተብሏል።

9፡55 ላይ ማራኪ ከነነርስ ልብሷ ገባች። ድምፅ እንደሌላት ተነገራት። "ድምፅ አልፈልግም፣ አባዬ። ጉልበቱ ሁለቴ ተቀዶ ሁለቴም ተመልሶ ተጫውቷል። ሌላ የማቀርበው መሸኛ የለኝም" አለች። ቁጭ በይ ብትባልም አልተቀመጠችም። ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ አሉ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ
ወ/ሮ አበበች እጃቸውን አወጡ። "ሀደሮ፣ አንጋጫ፣ ዱራሜ፣ ሺንሺቾ፣ ቦኖሻ፣ ፎንቆ፣ ሆሳዕና። ሰባት! አንተ በተዛወርክ ቁጥር ፍራሽ ተሸክሜ የተከተልኩህ እኔ ነኝ። ሺንሺቾ ደግሞ በትውስት ነበርክ። ውሳኔው ለወንድ ሁሉ እኩል ይሥራ" ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊዋ ከመናገር እንጂ እጅ ከማውጣት ስላልተከለከለች ሁለቱንም እጆቿን አወጣች። ሐሳቡ አለፈ።

ሰብሳቢው በኩራት ተነሥተው ከቁም ሣጥን ሰማያዊ ፋይል አመጡ። መሸኛዎቹ ተቆጠሩ፤ ስድስት። የፎንቆው የለም። "አይጥ በልቶት ይሆናል" አሉ። አቶ ቲቶ "ወንድሜ ብትሆንም ውሳኔ ውሳኔ ነው" አሉ። ወ/ሮ አበበች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ጋብቻቸው በአጀንዳ 3 መሠረት ስለቀረ ሀደሮ ወንድማቸው ጋ ለመሄድ ከሰብሳቢው ፈቃድ ጠየቁ። በዚሁ ሰዓት ከመናኸሪያው "ሀደሮ! ሀደሮ! አንድ ሰው ነው የቀረው!" የሚል ጥሪ ይሰማ ነበር። ማራኪ ፊቷን በመጋረጃው ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በሳቅ ነው።

ሰብሳቢው "አንቺ ሴትዮ፣ ቁጭ በይ እንጂ!" ቢሉ፣ ወ/ሮ አበበች መቀመጥ አጀንዳ አለመሆኑን አሳሰቡ።

ውሳኔ
በሰብሳቢው በራሳቸው አቅራቢነት፣ በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ ከመጀመሪያውም እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ተወሰነ። አቶ ቲቶ "እንግዲያው ከክለቦቹ ጋር ዝምድና ሊኖረን ነው" ብለው ቢሰጉ፣ ቢኖርም ችለነው እንደምንኖር ተገልጾላቸዋል። ለነገዎቹ ሽማግሌዎች "እሺ፣ ልጃችንን ሰጥተናል" እንዲባል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊዋ እልል ብላለች፤ ይህም ይያዝልኝ።

በመጨረሻም የሰብሳቢው ጋብቻ ባለበት እንዲቀጥል ድምፅ ተሰጥቶበት በአራት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ አለፈ። ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት ወ/ሮ አበበች ሲሆኑ፣ ሰብሳቢው ምክንያቱን ለመጠየቅ ተከትለዋቸው ወደ ጓዳ ስለገቡ ስብሰባው ከቀኑ 10፡40 ተበተነ።